«ተራራ» ወይስ «አምባ»?

እንግሊዝ ባሕር ማዶ መስፋፋት በጀመረችበት ዘመን ደራስያኗ የሩቅ አገርን ስም ለገዛ ምናባቸው ያውሉት ነበር። ጆን ሚልተን እ.ኤ.አ. በ1667 ባሳተመው «ፓራዳይዝ ሎስት» የሐበሻ ነገሥታት ልጆቻቸውን የሚያስጠብቁበትን «አማራ» የተባለ ተራራ ከገነት ጋር አነጻጽሯል። ሳሙኤል ጆንሰን በ1759 ባወጣው «ራሴላስ» ተራራውን ሸለቆ አደረገው። ሁለቱም አገራችንን አላዩም፤ ሚልተን ሲጽፍ የመሳፍንቱ ማሰሪያ የነበረው አምባ ግሼን አገልግሎቱ ከቀረ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖት ነበር።

ችግሩ የሚገለጠው ጽሑፉ ወደ አማርኛ ሲመለስ ነው። ለመንዝ፣ ለግሼና ለመርሐቤቴ ደገኛ «ተራራ» ከፍ ያለ ምድር ሁሉ ነው፤ «አምባ» ግን ዙሪያው ገደል፣ አናቱ ሜዳ፣ መውጫው በር የሆነ መኖሪያና መሸሸጊያ ነው። «የአማራ ተራራ» ማለት የአገርን ስም ለተራራ የሰጠውን የባዕድ ስሕተት ያጸናል፤ «አምባ ግሼን» ብሎ ማረምም የደራሲውን ምናብ ይሰርዛል።

«ራሴላስ»ን የተረጐሙት ሲራክ ኅሩይ፣ የመርሐቤቴው ተወላጅ የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ልጅ ነበሩ። እንደ እርሳቸው ላለ ተርጓሚ የመጽሐፉ አገር የአባት አገር ስለሆነ፣ የቃል ምርጫው የማንነትም ምርጫ ነው።

በእኛ አስተያየት «የአማራ አምባ» ብሎ፣ ግሼንን በኅዳግ ማስታወስ ይበጃል፤ የወሎው ግሼን ከሰሜን ሸዋው ግሼ ጋር እንዳይምታታም ጥንቃቄ ያሻል።