ቡሪ ላይ የማይሠራ ቀልድ

ሰካራም ለአማርኛ ቀልድ ጸሐፊ እንደ ጾም ሽሮ ነው፤ ሌላው ሲጠፋ እሱ ይቀርባል። ትንሽ መንገዳገድ፣ ትንሽ የተምታታ ስድብ፣ አዳራሹ ይስቃል። ካርቱም ግን አይሠራም። እ.ኤ.አ. በ1983 ኒሜሪ ሸሪዓን ካወጁ ወዲህ መጠጥ ወንጀል ሆኖ ኖሯል፤ ሙስሊም ላልሆነ ሰው የተፈቀደው ገና በ2020 ነው። በእነዚያ ዓመታት አረቄ አውጥታ ልጅ የምታሳድግ ሐበሻ «ከሻ (አፈሳ) መጣ» ሲባል ጀሪካኗን ጥላ ትሮጥ ነበር፤ ከተያዘች ግርፋት ነበረ። እሷ ፊት ሰካራም ሲንገዳገድ የሚታያት አፋሹ ፖሊስ ነው።

ቡሪ ዓባይ ዳር፣ ከጅሬፍ ሰፈር ብዙም ሳይርቅ ያለ የካርቱም ሰፈር ነው። ከጦርነቱ በፊት የቀልድ ዝግጅት የሚያምረው ዓርብ ነበር፤ የአገሩ የዕረፍት ቀን ስለሆነ። ተመልካቹ የቤት ሠራተኛ፣ ሻይ ሻጭ፣ ሾፌር፣ ወደ ሦስተኛ አገር የሚያሻግር «ፕሮሰስ» የሚጠብቅ ስደተኛ ነበር። ከአዲስ አበባ ይዘን የምንሄደው የባልና ሚስት ጭቅጭቅ እዚያ ሲደርስ ግማሹ ይከስም ነበር። ከአለባቸው ተካና ከልመንህ ታደሰ ዘመን ጀምሮ የለመድነው ሁለት ሰው ጎን ለጎን ቆሞ ሲነታረክ ነው። የቡሪ ባልና ሚስት ግን የሚነታረኩት በስልክ ነበር፤ አንዳቸው ከመተማ ወዲህ ነበሩ።

የተላከለትን ሐዋላ የሚያባክን ባል ብታቀርብላቸው ዝም ይላሉ፤ እያንዳንዷ የራሷን ታስባለች። ላኪዋን ስትዋሽ አሳያቸው! መብራት በጠፋበት፣ ስድስት ሆነው በሚተኙበት ክፍል ላቧን እየጠረገች «ኤሲው እኮ በረደኝ፣ እማዬ» ትበል። ያኔ ሴቶቹ እየተጎሻሸሙ ይስቃሉ። ሰው በተበደለው አይስቅም፤ በዋሸው ይስቃል፣ በተለይ የዋሸው ለእናቱ ከሆነ። ተዋናይዋ ሌላ ነገር እንዳትጨምርበት፤ ጥርሷን ማንቀጥቀጥ ብቻ ይበቃታል።

የቀልድ ሥራ የሚፈለገው በበዓል ነው። እንቁጣጣሽ፣ ገና፣ ፋሲካ፤ ቤቴ ዶሮ ወጥ ሲወጣ እኔ የለሁም። ባለቤቴ አንድ ቀን «ለሰው ትዳር ቃል አታጣም፤ እኔ ጋ ስትደርስ ያልቅብሃል» አለችኝ። ምን የመሰለ መስመር! እጄ ወደ ደብተሩ ሲሄድ አየችና ባሰባት። ሽማግሌ ተቀመጠ፤ ከሽማግሌዎቹም አንዱ መሀል ላይ «እስቲ አንድ ቀልድ ጣል አድርግ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ የቤቴን ጠብ መድረክ ላይ የማወጣው እሷ ካነበበችውና ረቺዋ ሚስት ከሆነች ብቻ ነው። ለቤት ሰላም ብዬ ብቻ አይደለም። ጸሐፊው የሚረታበት ቀልድ የክስ ማመልከቻ ይመስላል።

የሱዳን ጦርነት የፈነዳው ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ቀዳም ሥዑር ዕለት ነው። ቡሪ ለጦሩ ጠቅላይ ማዘዣ ቅርብ በመሆኑ ተኩሱ ቶሎ ደረሰበት። ብዙ ሐበሻ በመተማ በኩል ተመለሰ። ከተመለሳችሁት መካከል ይህን የምታነቡ ካላችሁ፣ ያኔ ለቤተሰብ በስልክ የዋሻችሁትን ጻፉልኝ። ስማችሁን አልጠራም።