ፈረሱና የአንበሳው ድርሻ

በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ ስለሚከበረው የአገው ፈረሰኞች በዓል የሚጻፉትን ሳነብ፣ «ለበዓሉ ድምቀት ፈረስ የአንበሳውን ድርሻ ይወስዳል» የሚል ዓይነት ዐረፍተ ነገር ይጎረብጠኛል። ሐረጉ በእንግሊዝኛ በኩል የመጣ ነው፤ ሥሩም የኤዞፕ ተረት ነው። በተረቱ አንበሳ ከሌሎች አራዊት ጋር አድኖ፣ ግዳዩ ሲከፈል ሁሉንም ለራሱ ያደርጋል። ድርሻው እንግዲህ የነጣቂ እንጂ የደካሚ አይደለም። እንግሊዝኛው ዛሬ ለሥራም ሆነ ለትርፍ፣ ብልጫ ያለውን እጅ ለማመልከት ይገለገልበታል። እኛ ግን ሥራን ለማመስገን ስንነሣ «ይወስዳል» የሚለውን ግሥ አስከትለን ሰጪውን ወሳጅ አደረግነው። አማርኛችን «የበዓሉ አውራ ፈረስ ነው» ለማለት አይቸገርም። በላቡ ያገለገለውን ወሰደ ብሎ መጻፍ የቋንቋ ጉድለት ነው፤ የፍርድ ጉድለትም ነው።