የተሸነፈ ይከፍላል፤ የዘገየበትስ?

ወልቂጤም ሆነ ቡታጅራ፣ ፕሌይስቴሽን ቤት ገብቶ የተጫወተ ሁሉ ሕጉን ያውቀዋል፤ የተሸነፈ ይከፍላል። ይህ ያልተጻፈ ሕግ ያለ ብዙ ጭቅጭቅ የሚሠራው በአንድ ምክንያት ነው። ማሽኑ አንድ፣ ቴሌቪዥኑ አንድ፣ ጆይስቲኩ ሁለት። ምስሉ ቢዘገይ እንኳ ለሁለቱም እኩል ይዘገያል። «ስታክ አድርጎብኝ እኮ ነው!» የሚል ተሸናፊ ሰሚ የማያገኘው ለዚህ ነው።

አሁን ሌላ መንገድ መጥቷል። ጨዋታው ኮምፒውተር ላይ ይሠራል፤ ምስሉ በዋይፋይ ወደ ቴሌቪዥን ይሻገራል፤ ተጫዋቹ ሶፋው ላይ ጆይስቲኩን ይዞ ይቀመጣል። ቫልቭ የተባለው ኩባንያ ለዚሁ ሥራ «ስቲም ሊንክ» የምትባል ትንሽ ሣጥን እ.ኤ.አ. በ2015 በ50 ዶላር ገደማ አውጥቶ ነበር። በ2018 ሣጥኗን ማምረት አቆመና ሥራውን ለአፕ አስረከበ። «ሙንላይት» የሚባል ነፃ ፕሮግራምም አለ። ስለነዚህ ነገሮች ሲወራ ብዙውን ጊዜ የሚወደሰው የምስሉ ጥራት ነው። እኔ ግን የምመዝናቸው በፕሌይስቴሽን ቤቱ ሕግ ነው። ምን ያህል ይዘገያል? የሚዘገየውስ በማን ላይ ነው?

መጀመሪያ አንድ የተሳሳተ ግምት እናስተካክል። «የእኛ ኢንተርኔት ይህን አይችልም» የሚሉ ብዙ ናቸው። ቤት ውስጥ ከኮምፒውተር ወደ ቴሌቪዥን የሚሄደው ምስል ግን ከቤቱ ራውተር አይወጣም። ጨዋታውን ለማውረድና አካውንት ለመክፈት ኢንተርኔት ያስፈልጋል እንጂ ምስሉን ለማሻገር አንድ ሜጋባይት ፓኬጅ አይቆረጥባችሁም።

ሥራው ግን ቀላል አይደለም። 1920 በ1080 ነጥብ ያለው ምስል በሰከንድ 60 ጊዜ ሲቀያየር፣ ሳይጨመቅ በሰከንድ ወደ 3 ቢሊዮን ቢት ይሆናል። የቤት ዋይፋይ ይህን አይሸከምም። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ምስሉን ወደ 20 ሚሊዮን ቢት ገደማ ይጨምቀዋል። እንዴት? ከሰፈር ርቆ የከረመ ሰው «ምን አዲስ ነገር አለ?» ብሎ ሲጠይቃችሁ የሁሉንም ቤት ታሪክ አትዘረዝሩለትም፤ የተለወጠውን ብቻ ትነግሩታላችሁ። ኮምፒውተሩም እንዲሁ ነው። ሣሩ ያው ሣር ነው፤ የተንቀሳቀሱት ተጫዋቾቹና ኳሷ ናቸው። በብዛት የሚላከው ለውጡ ነው።

እስከዚህ ድረስ ምስጋና ይገባቸዋል። ትችቴ የሚጀምረው ከጊዜው ነው።

በሰከንድ 60 ምስል ማለት አንዱ ምስል ከ17 ሚሊሰከንድ ያነሰ ዕድሜ አለው ማለት ነው። ቁልፉን ስትጫኑ ትእዛዙ ወደ ኮምፒውተሩ ይሄዳል፤ ኮምፒውተሩ አዲሱን ምስል ይሠራል፣ ይጨምቃል፣ ይልካል፤ ተቀባዩ ይፈታል፤ ቴሌቪዥኑም ምስሉን «ሳሳምር» ብሎ ተጨማሪ ጊዜ ይበላል። እያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ ሲቆርጥ ድምሩ እጅ ላይ ይታወቃል። ብዙ ቴሌቪዥኖች ይህን ማሳመር የሚያስቀር «ጌም ሞድ» የሚባል ምርጫ አላቸው፤ እሱን ማብራት ብቻ ትልቅ ለውጥ ያመጣል።

ከመዘግየት የባሰው ግን የመዘግየት መለዋወጥ ነው። ሁልጊዜ 40 ሚሊሰከንድ የሚዘገይ ጨዋታን እጅ ይለምደዋል። አሁን 20፣ ቀጥሎ 120 የሚሆነውን ግን ማንም አይለምደውም። ዋይፋይ የሚታማው በዚህ ነው። በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ የጎረቤት ራውተርም፣ ብሉቱዝም፣ ማይክሮዌቭም ይጋፋሉ። 5 ጊጋኸርዝ ግፊያው ይቀንስለታል፤ ግድግዳ ሲያጋጥመው ግን ቶሎ ይደክማል።

ወደ ሕጋችን እንመለስ። ሁለት ልጆች አንድ ሳሎን ውስጥ በአንድ ቴሌቪዥን ፊት ከተጫወቱ፣ ምስሉ ከጓዳ ካለ ኮምፒውተር ቢመጣም መዘግየቱ የጋራ ነው። ጨዋታው ትንሽ ይከብዳል እንጂ ፍርዱ አይዛባም።

ፍርዱ የሚዛባው ስቲም እ.ኤ.አ. በ2019 ባመጣው ሌላ አገልግሎት ላይ ነው። በአንድ ክፍል ለሚጫወቱ የተሠራን ጨዋታ በኢንተርኔት ለሩቅ ጓደኛ ማጋራት ይቻላል። ጨዋታውን የገዛው አንዱ ብቻ መሆኑ ይበቃል። ለተማሪ ኪስ ግሩም ነገር ነው። ግን አስቡት። ባለቤቱ ወልቂጤ፣ እንግዳው ቡታጅራ ነው። ባለቤቱ በራሱ ኮምፒውተር በቀጥታ ይጫወታል። እንግዳው የሚያየው ተጨምቆ የተላከለትን ምስል ነው፤ ትእዛዙም ተመልሶ እስኪደርስ ይጠብቃል።

ጥፋቱን በርቀቱ እንዳታላክኩ። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። መስመሩ በአዲስ አበባ ዞሮ ቢሄድ እንኳ ከ300 ኪሎ ሜትር ብዙ አይርቅም፤ ይህ ለብርሃን 1.5 ሚሊሰከንድ ነው። ጊዜውን የሚበላው በየመሣሪያው ያለው ወረፋ፣ የሞባይል ኔትወርኩ መጨናነቅና መጨመቁ ነው። በድምሩ 100 ሚሊሰከንድ ቢሆን ምን ይመጣል? በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የተመታ ፍፁም ቅጣት ምት 11 ሜትሩን በ0.4 ሰከንድ ይጨርሳል። እንግዳው ግብ ጠባቂ ከዚህ ላይ ሩቡን አጥቷል። ባለቤቱ ምንም አላጣም። ይሄ ጨዋታ ነው እንዴ?

መፍትሔ የለውም እንዳትሉ። ሁለቱንም ተጫዋች እኩል ማዘግየት በድብድብ ጨዋታዎች ዘንድ የቆየ ዘዴ ነው። ትንሽ ፍጥነት ይሠዋል፣ እኩልነት ይገኛል። እኔ ብሆን ለተጫዋቾቹ ይህን ምርጫ እሰጣቸው ነበር።

«ኮምፒውተርም አያስፈልግ፣ ጨዋታው ከሩቅ ዳታ ሴንተር ይምጣ» የሚለው ሐሳብማ ለእኛ የባሰ ነው። የጉግል «ስታዲያ» እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2019 ተከፍቶ በጃንዋሪ 2023 ሲዘጋ አንድም የአፍሪካ አገር አልደረሰም። ቢደርስም ከአዲስ አበባ እስከ ፍራንክፈርት በቀጥታ መስመር ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ደርሶ መልስ ለብርሃን ብቻ ከ50 ሚሊሰከንድ ያላነሰ ይወስዳል። ይህን የትኛውም ኩባንያ በገንዘብ አያሳጥረውም።

ታዲያ ምን ይሻላል? ኮምፒውተሩና ቴሌቪዥኑ አንድ ክፍል ከሆኑ ሁሉንም ተዉትና የኤችዲኤምአይ ገመድ ሰኩ። ክፍላቸው ከተለያየ ቢያንስ ኮምፒውተሩን ከራውተሩ ጋር በገመድ አገናኙ። መብራትም አትርሱ፤ ላፕቶፑ ባትሪ አለው፣ ራውተሩና ቴሌቪዥኑ ግን የላቸውም። ከሌላ ከተማ ጓደኛ ጋር ከሆነ ደግሞ እንደ ቼዝና ገበታ በተራ የሚካሄድ ጨዋታ ምረጡ፤ እዚያ 100 ሚሊሰከንድ ማንንም አያሸንፍም።

እኔን ብቻ አትመኑ፤ ለኩት። ላፕቶፑ ላይ ሚሊሰከንድ የሚያሳይ የሩጫ ሰዓት ክፈቱ፣ ምስሉን ወደ ቴሌቪዥኑ አሻግሩ፣ ሁለቱንም ስክሪን በአንድ ፎቶ አንሱ። የሁለቱ ቁጥሮች ልዩነት የቴሌቪዥኑን መዘግየት በግምት ይነግራችኋል። ስክሪኖቹ የሚታደሱት በየ17 ሚሊሰከንዱ ስለሆነ አንድ ፎቶ አይበቃም፤ አሥር አንሱና አማካዩን ውሰዱ። አሥሩ ቁጥሮች እርስ በርሳቸው በጣም ከተራራቁ ችግሩ ዋይፋዩ ጋ ሊሆን ይችላል። ማን ይክፈል የሚለውን ከዚያ በኋላ ተነጋገሩ።