አንበሳውና ጥምጥሙ፤ ስለ «ፋቡላ»ና ስለ አንድ ፎቶግራፍ

መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን መሻራቸው በአዲስ አበባ ሲታወጅ እርሳቸው የነበሩት በሐረር ነው። በእርሳቸው ዘመን ከቤተ መንግሥት ርቀው ፋሌ እንዲቀመጡ የተደረጉት ወይዘሮ ዘውዲቱ ተመልሰው በዚያው ዓመት፥ የካቲት 4 ቀን፥ ዘውድ ጫኑ። ይህ ለውጥ ሁለት የፌዝ ሥራዎች አስከትሏል፤ አንዱ ሥዕል፥ አንዱ ተውኔት ነው። ሁለቱም ከሐረር ጋር ይዛመዳሉና በአንድ ሚዛን ቢመዘኑ ይበጃል።

ሥዕሉ ልጅ ኢያሱን በሙስሊም ልብስና ጥምጥም የሚያሳይ፥ ለመሻራቸው እንደ ማስረጃ ከእጅ ወደ እጅ የተዘዋወረ፥ እጅ የገባበት ፎቶግራፍ ነው። ከሐረር ሹማምንትና ከሱማሌ ባላባቶች ጋር መወዳጀታቸው፥ አንዳንዴም እንደ አገሬው መልበሳቸው የታወቀ ስለሆነ፥ ሐሰቱ በእውነት ጨርቅ ላይ ተሰፍቷል። ካሪካቱር ማጋነኑን አይደብቅም፤ አፍንጫው የረዘመ ሹም በሥዕል ያየ ሰው አፍንጫው በእርግጥ እንዲህ ነው ብሎ አይምልም። ፎቶግራፍ ግን ሲዋሽ «በዓይኔ አየሁ» ያሰኛል። ከዚህም የባሰ አለ። በዚህ ሥዕል መሳቂያ የተደረገው ማን ነው? የጀጎል ሼክ ወደ መስጊድ ሲሄድ የሚጠመጥመው ጥምጥም የነውር ምልክት ሆኖ ቀረበ። አልጋ ወራሹ ተሰደበ ሲባል፥ ከእርሱ ይልቅ የተሰደበው ጎረቤት ነው።

ተውኔቱ ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1910ዎቹ ዓመታት ያቀረቡት «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮመዲያ» ነው፤ በአማርኛ የመጀመሪያው ተውኔት መሆኑ ይታወቃል። ደራሲው በልጅነታቸው ሐረር፥ በራስ መኰንን ቤት ያደጉ፥ ኋላም በሩሲያ የመድፈኛ ትምህርት የተማሩ ናቸው። ልጅ ኢያሱን ለመሻር ከተባበሩትም ሰዎች አንዱ ነበሩ። እንግዲህ የሚያፌዙበት አገዛዝ እንዲቆም እጃቸው አለበት፤ ይህን ረስቶ ተውኔቱን ማንበብ ግማሹን ማጣት ነው።

መሠረቱ የላ ፎንቴን ተረት ነው። በላ ፎንቴን አገር የነገሥታቱ ዓርማ አበባ ስለሆነ፥ የተረቱ አንበሳ ማንኛውም ንጉሥ ሊሆን ይችላል፤ ነገሩም በሩቅ ጨዋታ ይቀራል። በእኛ ዘንድ ግን አንበሳው በማኅተሙ ላይ አለ፥ በዳግማዊ ምኒልክ ብር ላይ አለ፤ «ሞዓ አንበሳ» የንጉሥ መጠሪያ ነው። ተረቱ ወደ አማርኛ ሲሻገር ደራሲው አንድ ቃል ሳይጨምሩበት ካሪካቱር ሆነ። ስለዚህ «አውሬዎቹ የተመረጡት ለመደበቂያ ነው» የሚለው አስተያየት አያጠግበኝም። ዘውዱ ራሱ አስቀድሞ አውሬውን ለብሶ ነበር፤ የደራሲው ሥራ እንዲናገር ማድረግ ብቻ ነው። ጎረቤትም አልተሰደበበትም።

ድክመቱን መሸፈን አይገባም። ተረት ምክሩን አዝሎ ይመጣል፤ ምክር ሲበዛ ድርጊት ይቆማል፥ መድረኩም ወደ ጉባኤ ያደላል። ቢሆንም ዒላማውን እንዳልሳተ ከተደረገበት ይታወቃል፤ ፎቶግራፉ ለለውጡ አገልግሎ ሲዘዋወር፥ ተውኔቱ በንግሥት ዘውዲቱ ትእዛዝ ታገደ።

ደራሲው በ1928 ዓ.ም. በጣሊያን ወረራ ጊዜ ተሰደዱ። ንጉሠ ነገሥቱ በ1933 ዓ.ም. ሲመለሱ እርሳቸው አልተመለሱም፤ ከብዙ ዓመት በኋላ ገብተው በሐረርጌ፥ ሂርና፥ በእርሻቸው ተቀመጡ። የዘውድ መመለስ በዕድሜያቸው ሁለት ጊዜ ሆነ፤ ሁለተኛ ተውኔት ግን አልጻፉም።