ሽምደዳን በሽምደዳ

የመምህርነት ሠልጣኝ የሆነች የቃሊቲ ጎረቤቴ «የትምህርት መሠረቶች» የሚለውን መማሪያዋን አዋሰችኝና በአንድ ሌሊት ጨረስኩት። ፕላቶ፣ ሩሶና ጆን ዴዊ በወጉ ቀርበዋል። የቆሎ ተማሪ ግን አንድ አንቀጽ ብቻ ደረሰው፤ ያውም «ሽምደዳ» ከሚል ፍርድ ጋር።

በንባብ ቤትና በዜማ ቤት ሽምደዳ መኖሩን አልክድም፤ ዱላውንም አላወድስም። ቅኔ ቤት ግን ሌላ ነው። በእነ ዋሸራና ጎንጅ ተማሪው በየዕለቱ የራሱን ቅኔ ቆጥሮ ለመምህሩ ይነግራል፤ ይታረማል። የትናንቱ ለዛሬ አይሆንም። ዴዊ በ1916 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «ዴሞክራሲና ትምህርት» የተሟገተለት በመሥራት መማር ከዚህ በምን ይርቃል?

የሚገርመው፣ ሽምደዳን የሚኮንነው ይኸው መጽሐፍ በየምዕራፉ መጨረሻ የሚጠይቀው ስምና ዓመተ ምሕረት ነው። ይህች ልጅ ነገ በአቃቂ ሠራተኞች ልጆች ፊት ስትቆም፣ «አንተስ ምን ታስባለህ?» የሚለውን ጥያቄ ከየት ታመጣዋለች?