ኪሮሽ የያዘ እጅ

ቡናው እስኪፈላ እጇ የማያርፍ ሴት ያላየ አዲስ አበቤ የለም። ክሩ ከፌስታል ውስጥ እየተሳበ ይመጣል፣ ኪሮሹ ይገባል ይወጣል፣ ወሬውም አይቋረጥም። ዳንቴል ሠሪ ዝም የምትለው ቁጥሩ ሲጠፋባት ብቻ ነው፤ ያኔ «ቆይ፣ አታናግሩኝ» ትላለች።

እኔን የሚገርመኝ አሠራሩ ነው። በሁለት መርፌ የሚሠራ ሹራብ ብዙ ቀለበቶችን በአንድ ጊዜ መርፌው ላይ ያቆያል፤ አንዷ ካመለጠች እስከ ታች ይተረተራል። ኪሮሽ ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ ክፍት ሆና የምትቆየው አንዲት ቀለበት ናት። ስለዚህ በፈለጉበት ሰዓት አስቀምጦ ወጡን አማስሎ መመለስ ይቻላል። ሹራብ የሚሠራ መኪና እንግሊዝ አገር የተፈለሰፈው በ1589 እ.ኤ.አ. ነው። የኪሮሽን ሥራ ግን ፋብሪካ እስከ ዛሬ በወጉ አልቻለበትም፤ ገበያ ላይ በርካሽ የሚሸጠው እውነተኛ ኪሮሽ እንኳ የሰው እጅ ያለፈበት ነው።

ንድፉስ? ብዙው ወረቀት ላይ አልሰፈረም። ጎረቤት ቤት ሶፋ ላይ የተዘረጋው የአናናስ ቅርጽ በዓይን ይቆጠራል፣ ካስፈለገም ለአንድ ሁለት ቀን በውሰት ይመጣል። ካለቀ በኋላ ደግሞ ማጠብ፣ በስኳር ውሃ መንከር፣ ጠርዙን ወጥሮ ማድረቅ አለ።

የዛሬው ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን እንደ ድሮው ዳንቴል የሚያርፍበት አናት የለውም፤ ኪሳራው፣ እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ የራሱ የቴሌቪዥኑ ነው። ሠሪዎቹ እንደሆነ ወደ ጠረጴዛ ልብስ፣ ወደ ትራስ ጠርዝና ወደ ሕፃናት ኮፍያ ዞረዋል።