የመተማ ታሪክ እንዴት ይጨረስ?

የመተማን ጦርነት የሚተርኩልን ሰዎች ፍጻሜው ላይ ሲደርሱ ይቸኩላሉ። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ጦሩ የሱዳን ደርቡሾችን የእሾህ አጥር ጥሶ ገባ፤ አፄ ዮሐንስ ቆሰሉ፤ ድሉ ሽንፈት ሆነ። ያሸነፈ ጦር እንዴት ድል ተመትቶ ተመለሰ ብሎ ለሚጠይቅ አንባቢ የሚሰጠው መልስ አንዲት ጥይት ናት። ይህ መልስ ከሚገባው በላይ ተከብሮ ኖሯል። ጥይቷ ንጉሠ ነገሥቱን ገደለች፤ ሠራዊቱ ለምን እንደተበተነ ግን አትነግረንም።

ግራ የሚያጋባ ፍጻሜ የሚያስቸኩለው የእኛን ተራኪዎች ብቻ አይደለም። ስኩዌር የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ1997 እ.ኤ.አ. ያወጣው ፋይናል ፋንታሲ 7፣ ተጫዋቹ የባለታሪኩን ሚና ይዞ የሚጓዝበት የምናብ የቪዲዮ ጨዋታ፣ ሲያበቃ የሰው ልጅ ይትረፍ ይጥፋ አይናገርም። ከ500 ዓመት በኋላ ዕፅዋት የዋጡትን የሚድጋር ከተማ ፍርስራሽ አሳይቶ ዝም ይላል። ዝምታውን እንደ ጉድለት የሚያዩ አሉ። ሆኖም ቡገንሃገን የተባለው ሽማግሌ ምድርን የሚታደገው ኃይል የሰውን ልጅም ከጎጂዎች ሊቆጥረው እንደሚችል አስቀድሞ ተናግሯል፤ ፍጻሜው ያን ቃል ጠብቋል። በ2005 እ.ኤ.አ. የወጣው አድቬንት ችልድረን የተሰኘው ፊልም ሰዎቹ መትረፋቸውን ሲያሳይ ጥያቄውን ዘጋው፤ ታሪኩንም አሳነሰው። የእኛዋ ጥይትም የምትሠራው ይህንኑ ነው።

የመተማም ፍጻሜ አስቀድሞ ተዘርቷል። አልጋ ወራሹ ራስ አርአያ ሥላሴ በ1880 ዓ.ም. ሞተዋል። ንጉሥ ምኒልክና የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በንጉሠ ነገሥቱ ላይ መክረዋል፤ ጎጃም በራሱ በንጉሠ ነገሥቱ ጦር ተዘርፏል። ወደ ቆላው የወረደውን ሠራዊት አንድ ሰው ብቻ ይዞት ነበር። ስለዚህ የትረካው እምብርት የሞት አልጋው ነው።

እዚያ አፄ ዮሐንስ እስከዚያን ዕለት የወንድማቸው ልጅ በመባል የሚታወቁትን ራስ መንገሻን ልጃቸው መሆናቸውን ገለጡ፤ ወራሻቸውም አደረጓቸው። ጸሐፊዎቻችን እዚህ ሲደርሱ የዘር ምርመራ ይጀምራሉ። እውነት ልጃቸው ነበሩ? ይህ ጥያቄ ትዕይንቱን ያደርቀዋል። የሚጠቅመው ኑዛዜውን ማን ሰማ፣ ማንስ አልሰማም ብሎ መጠየቅ ነው። በአልጋው ዙሪያ የቆሙት መኳንንት ሰሙ። ምኒልክ አልሰሙም፤ ተክለ ሃይማኖት አልሰሙም። የንጉሠ ነገሥቱ ቃል ሕግ ሆኖ የሚያድረው ድምፃቸው በደረሰበት ብቻ ሆነ፤ ያ ሁሉ ግዛት አንድ ድንኳን አከለ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ታሪካችን ውስጥ ከዚህ ይበልጥ የሚያስጨንቅ ትዕይንት አላውቅም። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም.፣ ምኒልክ የውጫሌን ውል የተፈራረሙት ንጉሠ ነገሥት ተብለው ነው።

ትረካው ግን በአልጋው ላይም መቆም የለበትም። አስከሬኑን ይዘው ወደ ኋላ የሚመለሱትን ደርቡሾች አትባራ ወንዝ አጠገብ ደረሱባቸው። አረጋዊው ራስ አርአያ ድምፁ ከአስከሬኑ አልለይም ብለው እዚያው ወደቁ፤ የንጉሠ ነገሥቱ ራስ ተቆርጦ ወደ ኦምዱርማን ተላከ። ሠራዊቱን ያያዘው የአንድ ሰው ፍቅርና ፍርሃት ነበር ስል ነቀፋ ይመስል ይሆናል። ራስ አርአያ ግን ያንኑ ታማኝነት እስከ ጥጉ ወስደው አከበሩት። ለእሳቸው የሚገባው ምዕራፍ በአንድ ዓረፍተ ነገር መታለፉ ግፍ ነው።

ከመተማ ዮሐንስ ከተማ ማዶ የሱዳን ጋላባት ነው። እዚያ ይኸው ታሪክ የደርቡሾቹ አዛዥ የዘኪ ቱማል ድል ሆኖ ይጨረሳል። መተማን ልትጽፉ የተነሣችሁ ደራሲያን ጥይቷ ላይ አትቁሙ፤ እስከ አትባራ ውረዱ፤ የማዶውንም ትረካ አንብቡ።